ያልተሸጠላቸው ደንበኞች መዝገብ

ሰኞ 3

አፌ ላይ ደርሰው የሚመለሱ ነገሮች በዙብኝ። ቢያንስ እዚህ ይቀመጡ ብዬ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት። እማዬ የዘፈን ግጥም የምገለብጥበት ይመስላታል። ይምሰላት።

ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀረው። ካሸር ቁጥር ሁለት ነኝ። ቁጥር አንድ ላይ ያለችው እትዬ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራች ሁሉም «አንደኛዋ» ይላታል። እኔ «ሁለተኛዋ» ነኝ። ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከማሽኑ ጎን የተለጠፈ ወረቀት አለ። መጠጥ ወይም ሲጋራ የሚገዛ ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በታች ከመሰለሽ መታወቂያ ጠይቂ፤ አሥራ ስምንት ካልሞላው አትሽጪ ይላል። «ከመሰለሽ» ማለት ለጻፈው ሰው ቀላል ነው። እንዲመስለኝ ፊቱን ማየት አለብኝ፤ እኔ ደግሞ የሰው ፊት ማየት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እማዬ «አንገትሽን ማን ሰበረው?» ትለኛለች።

ስለዚህ እጅ አያለሁ። ብር ሲያቀብሉኝ ጥፍራቸውን፣ መገጣጠሚያቸውን፣ የቆዳቸውን መጨማደድ አያለሁ። የአርባ ዓመት ሰው እጅና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ አንድ አይደለም። እስካሁን የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ቢሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሐሙስ 6፣ በሻይ ሰዓት

ቶሎ ልጻፈው። አንድ ጎረምሳ ሲጋራ ጠየቀኝ። እጁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ እስከ ሥሩ የተበላ። «መታወቂያ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። «ምን አልሽ?» አለ። ደገምኩት።

«አንቺ ራስሽ መታወቂያ አለሽ እንዴ? እናትሽ ናት እጅሽን ይዛ ያመጣችሽ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሸጥኩለት።

ሸጥኩለት! አሥራ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፣ መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ያንተ የታለ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሱ ከበሩ ከወጣ በኋላ ነው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንደኛዋ ሰምታ ኖሮ «ምን አደከመሽ፣ የእኔ ልጅ» አለችኝ። «ወረቀቱ የተለጠፈው ለግድግዳው ነው።»

ቅዳሜ 8

ዝናብ። ሰልፉ እስከ ዳቦው መደርደሪያ። እጅ፣ እጅ፣ እጅ። የሚጻፍ ነገር የለም።

ሰኞ 10፣ ማታ

ሥራ አስኪያጃችን «ልክ ነው?» ሳይል ንግግር አይጨርስም። «ሰኞ ዕቃ ይገባል፣ ልክ ነው?» «ቆሻሻው ይወጣል፣ ልክ ነው?» በሌለበት ሁላችንም «ጋሼ ልክ ነው» እንለዋለን። ዛሬ ጠዋት ሰበሰበንና «ከእናንተ ውስጥ ጽሕፈቷ የሚነበብ ማናት?» አለ። አንደኛዋ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ስቶር ወስዶ የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀመጠኝና ትልቅ ሰማያዊ መዝገብ ጭኔ ላይ አኖረ። ሽፋኑ ላይ «ያልተሸጠላቸው ደንበኞች መዝገብ» ይላል። በደንቡ መሠረት አንድ ሰው ዕድሜው ስላልደረሰ መጠጥ ወይም ሲጋራ በከለከልን ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዕቃውን፣ የሰውየውን መልክ፣ ምክንያቱን ጽፈን መፈረም ነበረብን። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድም መስመር አልተጻፈበትም።

«ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ባዶ መዝገብ ካየ ማንንም እንደማንከለክል ያውቃል፣ ልክ ነው? ስለዚህ አንቺ ትሞዪዋለሽ።»

«በምን ልሙላው ጋሼ?»

«በሰው! አንድ ቀን ላይ አታብዢ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨመር አድርጊ። ስክሪብቶ ቀያይሪ። ከመምጣትሽ በፊት ባለው ቀን የሌሎቹን ፊርማ አድርጊ፣ እኔ አሳይሻለሁ።»

ሦስት ስክሪብቶ ሰጥቶኝ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። በሕይወቴ «አይሆንም» ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ እማዬ ወገቧን ታማ በእሷ ፋንታ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ሁኚ ስባል እንኳ አላልኩም። ዛሬ አርባ ስድስት ጊዜ አልኩ። በስክሪብቶ ጢም የሳለ ልጅ ከለከልኩ። የአጎቱን ኮት የለበሰ፣ እጁ ከእጅጌው የማይወጣ ከለከልኩ። አንዱ «ተሳድቦ ወጣ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላዋ «አልቅሳ ለመነች፣ አልሆነላትም»። የሐሙሱንም ጎረምሳ አልረሳሁትም፦ «ጥፍሩን የሚበላ፤ መታወቂያ የለውም፤ ሰው ፊት አፍሮ ሄደ»። ብቻዬን ካርቶኑ ላይ ሳቅኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ላይ አንዲት ልጅ ጻፍኩ። «የተማሪ ቦርሳዋን በፌስታል የሸፈነች፤ ከፀጉሯ ውኃ የሚንጠባጠብ፤ ትንሽ ጠርሙስ ጂን፤ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል፤ መታወቂያ ስለሌላት ተከለከለች።» የራሴን ፊርማ አደረግኩበት። ሌሎቹን ለመፍጠር ጣራ ጣራ ማየት ነበረብኝ። ይቺ ግን ሳላስብ መጣች። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ 11

ከመንገዱ ማዶ ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሆስፒታል ናት። አንደኛዋ ለጥበቃው ስታወራ ነው የሰማሁት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከማጠናከሪያ ትምህርት መልስ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ግንባታው ካላለቀ ሕንፃ ላይ ወጥተው ጠጡ። ስትወርድ ደረጃው እርጥብ ነበር፤ መደገፊያ የለውም። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

«ማን ሸጠላቸው ይሆን?» አለ ጥበቃው።

«ስንት ሱቅ አለ» አለች አንደኛዋ።

እውነቷን ነው። ስንት ሱቅ አለ።

ሐሙስ 13

ተቆጣጣሪው ከወረዳ መጣ። ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ጫማው ውኃ ያስገባል። መዝገቡን ገጽ በገጽ አየና «እንዲህ የሚጠነቀቅ ሱቅ አላየሁም» አለ። ጋሼ ልክ ነው ፊቱ በራ። ሸኝቶት ሲመለስ ለእኔ የማንጎ ጭማቂ ከፍሪጅ አውጥቶ ሰጠኝ።

ጠጣሁት። ጣፈጠኝ። ይህም ይጻፍ።

ዓርብ 14፣ ማታ

ልብስ ሰፊዋ መጣች። የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር፤ እንዳለች ከወንበሯ ተነስታ መሆን አለበት።

«ማነው ለልጄ መርዝ የሸጠው?» አለች በሩ ላይ ቆማ። ሰው ሁሉ ቅርጫቱን እንደያዘ ቀረ።

ጋሼ ልክ ነው ወጣ። «ተረጋጊ፣ እናቴ። እኛ ሕፃን ልጅ አናስተናግድም።»

«ልጄ ከዚህ ነው የገዛሁት ብላኛለች! ከሁለተኛዋ ነው ያለችኝ። ቀና ብላ የማታየዋ።»

ሁሉም ወደ እኔ እንደዞረ አውቄያለሁ። የዳቦ ፌስታል እያጠፍኩ ነበር። ማጠፌን ቀጠልኩ።

እሱ መዝገቡን አመጣ። ምራቁን ጣቱ ላይ እያደረገ ገለጠ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ቦርሳዋን በፌስታል የሸፈነች፣ ከፀጉሯ ውኃ የሚንጠባጠብ፣ ትንሽ ጠርሙስ ጂን፣ ተከለከለች።

«ይኸው! መጥታለች፣ አዎ። ከልክለን ሸኝተናታል። ከሌላ ቦታ ገዝታ እኛ ላይ ነው የምታላክከው፣ ልክ ነው? መዝገብ አይዋሽም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ልጄ ናት የምትዋሸው?»

መዝገቡን ዘጋው። ስትወጣ ሜትሩ ከአንገቷ ወድቆ በሩ ላይ ቀረ። ጥበቃው አንስቶ ተከተላት።

እሑድ 16

ቀና ብሎ የማያይ ስንት ሰው አለ። አንሶላ በማጥብበት ቤት ውስጥ የማውቃቸው ብቻ ሦስት ነበሩ። ፌስታልም ቢሆን በዝናብ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ቦርሳውን ይሸፍናል። ደግሞ እኔ እጅ አያለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት እጅ ቢሆን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር።

ማክሰኞ 18

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ሁሉንም። ሽበታሙንም፣ ጥርስ አልባውንም። ማንም ይምሰለኝ አይምሰለኝ፣ መጠጥና ሲጋራ ከያዘ መታወቂያ።

መጀመሪያ የደረሰባቸው ጡረተኛው አስተማሪ ናቸው። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ጠርሙስ ወይን ይወስዳሉ።

«መታወቂያ፣ አባባ።»

«ምን?»

«መታወቂያዎን።»

«ልጄ፣ የእኔን መታወቂያ የሰጠኝ ሰውዬ ራሱ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው!»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ኪሳቸውን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ መሐረብ ወጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት ወጣ፣ በመጨረሻ መታወቂያው ወጣ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። «አልፌያለሁ?» አሉኝ። «አልፈዋል» አልኳቸው።

ከሰዓት ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ መታወቂያ የላቸውም፤ አልሸጥኩም። ስቶር ሄጄ መዝገቡን አወጣሁና ከአርባ ስድስተኛው መስመር ሥር ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ቅዳሜ 22

ስም ወጣልኝ። «መታወቂያ» ይሉኛል። ሰልፉ ረዘመ ብለው ጋሼ ልክ ነው ጋ ይከሱኛል። «ፊቱን እያየሽ ለይ እንጂ!» ይለኛል። መለየት አልችልም አልለውም። ዝም ብዬ እጠይቃለሁ።

ጥፍር በሊታው ተመልሶ መጣ። «ሰላም፣ መታወቂያ!» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«የለህም?»

«ባለፈው ሸጠሽልኝ የለ?»

«ባለፈው ተሳስቻለሁ። ዛሬ አልሸጥም።»

«ብትሸጪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ቀጣዩ!» አልኩ። በጣም ጮኼ ነው ያልኩት፤ አንደኛዋ ዘላ ዞረች። ቀጣይዋ ሴትዮ ቅርጫቷን አሳልፋ ባንኮኒው ላይ ጎለተችው፤ እሱ የሚቆምበት ቦታ አጣ። ዘጠነኛ መስመሬ ነው።

ማታ ግን የሚያስተኛ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ከልክያታለሁ። በጣም ቆንጆ አድርጌ ነው የከለከልኳት።

ማክሰኞ 25

አንደኛዋ ምሳ ሰዓት ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱ ለዓርብ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ጠርቷል። መጠጣቷ ብቻ ቢሆን ሁለት ሳምንት ከትምህርት ታግዳ ትመለስ ነበር። አሁን ግን «ሱቁን በሐሰት ከስሳለች፤ ማን እንደሸጠላትም ትደብቃለች» ተብላ ልትባረር ነው። ጋሼ ልክ ነው መዝገቡን ይዞ ይሄዳል።

«ሕፃን ልጅ እንዲህ ስትዋሽ አይገርምሽም?» አለች አንደኛዋ።

ዳቦዬን ፌስታል ውስጥ መለስኩት።

ረቡዕ 26

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። የሥራ ቀሚሴን ዚፕ ሆን ብዬ ነቅዬ ነው የሄድኩት። እናትየዋ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ልጅቷ በጄሶ የታሰረ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች።

እጇን አየሁ።

አመልካች ጣቷ በመርፌ የተበሳሳ። አውራ ጣቷ ላይ የመቀስ ቀለበት ያደነደነው ቆዳ። የመተኮሻ ጠባሳ ከእጅ አንጓዋ ሥር። ጥፍሮቿ አጭር፣ ጠንካራ፣ ክር የበላቸው። የሠላሳ ዓመት ሴት እጅ ነው። ባንኮኒዬ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ፣ ቦርሳው ላይ ያለው ፌስታል ሲንኮሻኮሽ፣ ይህ እጅ ብር ሲያቀብለኝ ትልቅ ሰው ነው ብዬ አሳለፍኩት።

«አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ዚፑ ተበላሽቶ ነው» አልኩ።

ተቀበለችኝና መሥራት ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ሳትቆጣ። «ጓደኞቼ እኔን የላኩኝ ፈሪዋ ስለሆንኩ ነው፤ እንዲስቁብኝ። ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብትዪኝ ጠርሙሱን ትቼው እሮጥ ነበር። ለጓደኞቼም ከለከሉኝ እላቸው ነበር። እንድትከለክዪኝ ነበር የፈለግኩት።»

ዚፑን ሠርታ ሰጠችኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ማታ

ለእማዬ ነገርኳት። ራት እየበላን።

«እማ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩላት። መዝገቡም የእኔ ውሸት ነው።»

«ለማን ተናገርሽ?» ነው መጀመሪያ ያለችው።

«ለማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁ። ወገቤን እያየሽው ነው። ዝም በይ። ዝም ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ትችዪበታለሽ።»

እንደ ሙገሳ ነው ያለችው። ጥፍር በሊታው ካለኝ የባሰ አመመኝ።

ሐሙስ 27

ለጋሼ ልክ ነው ነገርኩት። ከቢሮው በር ሳልገባ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ያ መዝገብ እውነት እንዳልሆነ ለኮሚቴው ይንገሩልኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው።»

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ። የሌሎቹንም እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ ያጭበረበርሽው አንቺ ነሽ፣ ልክ ነው?»

«እርስዎ አይደሉ ያዘዙኝ።»

«ማን ሰማ? ሳሙናው?» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን አለሳለሰ። «ስሚ፣ የእኔ ልጅ። የሙከራ ጊዜሽ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ቋሚ አደርግሻለሁ። ነገሩ ይበርዳል፣ ልጅቷም ሌላ ትምህርት ቤት ታገኛለች። ልክ ነው?»

«ልክ አይደለም» አልኩት።

በአፌ። እሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ።

ዛሬም ሁለት ሰው ከልክዬ ጽፌያለሁ። አሥራ አንድ ሞሉ።

ዓርብ 28

ጠዋት ስነሳ ሸሚዜ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ወደ ሥራ ወጥታለች። ኮሌታውን እንኳ አልዘለለችውም።

ኮሚቴው የተቀመጠው እኔ ስምንተኛ ክፍል በተማርኩበት ሕንፃ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እናትና ልጅ ገቡ፣ ጋሼ ልክ ነው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። መዝገቡን ሲያነብ ድምፁ ይሰማኛል። አንኳኳሁ። ቀስ ብዬ ስለነበር ማንም አልሰማም። በቡጢ ደገምኩት።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ።

«ካሸሯ ነኝ። የሸጥኩላት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ? ጮክ በይ።»

«የሸጥኩላት እኔ ነኝ! ያ መዝገብ ውሸት ነው። አንድ ቀን ተቀምጬ ነው የሞላሁት።»

ጋሼ ልክ ነው ወዲያው ተነሳ። «አዝናላት ነው፣ ልቧ ለስላሳ ነው...»

«ሥራ ከገባሁ ሦስት ወር አልሞላኝም» አልኩ። «መዝገቡ የዘጠኝ ወር ነው። መጀመሪያ ያሉትን ወሮች ይዩ። እዚያ ሱቅ ሳልኖር ጽሕፈቴ ምን ይሠራል?»

ወረቀት ሰጡኝ። አንዲት አስተማሪ ከመጀመሪያው ገጽ አንድ መስመር አነበቡልኝና ጻፍኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጉ፤ ወረቀቱና መዝገቡ ጠረጴዛውን ዞሩ። ጋሼ ልክ ነው ጋ ሲደርስ ዓይኑን አላሳረፈበትም፤ የጃኬቱን ቁልፍ ይነካካ ነበር።

«ለምን ሳትጠይቂ ሸጥሽላት?» አሉኝ አስተማሪዋ።

«እጇን አይቼ ነው። ትልቅ ሰው መሰለችኝ።»

ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ሥር ከተተች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ላለቅስ የደረስኩት።

አላባረሯትም። ስለመጠጣቷ ሁለት ሳምንት ታግዳለች፤ «በሐሰት ከስሳለች» የሚለው ተሰረዘ። እናትየዋ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊቴ ቆመች። እንድታመሰግነኝ አልጠበቅኩም፤ አላመሰገነችኝምም።

«ሸጠሽላታል» አለችኝ።

«አዎ።»

ልጇን ደግፋ ሄደች።

ሰኞ 1

ባጄን አስረከብኩ። አንደኛዋ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ከዚያ በሩ ላይ ተከትላኝ መጥታ «እኔ ዘጠኝ ዓመት...» አለችና ሳትጨርሰው ተመለሰች። እማዬ ቤት ስገባ «ምን አሉሽ?» አለችኝ። «ሂጂ አሉኝ» አልኳት። አንሶላ ቤት እንደምትጠይቅልኝ ነገረችኝ። «ራሴ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ሐሙስ 4

ወረዳ ተጠራሁ፤ ቃል ልሰጥ። ያ ጫማው ውኃ የሚያስገባው ተቆጣጣሪ ነው የሚጠይቀኝ፤ መዝገቡ ፊቱ ተከፍቷል። ስለመዝገቡ የተናገረውን ሙገሳ እኔም አላነሳሁበትም። አንዲት ጸሐፊ ትጽፋለች።

ቃሌ የሰፈረበት አንደኛው ወረቀት ላይ «መዝገቡን በራሷ ተነሳሽነት ሞላች» ይላል። «አይደለም» አልኩ። «ታዝዤ ነው። ማን እንዳዘዘኝም ይጻፍ።» ቀየሩት። ሁለተኛው ላይ «ሳታውቅ ሸጠችላት» ይላል። «ሳልጠይቅ» አልኩ። «ሳላውቅ ማለት ሌላ ነው።» ቀየሩት። ሁለት ዓመት የትም ካሸር እንደማልሆን ነገረኝ። እሺ አልኩ፤ ሸጫለሁና።

ከዚያ ለመጨረሻው አንቀጽ ለጸሐፊዋ እንዲህ አላት፦ «በመዝገቡ የሰፈረው በሙሉ ሐሰት መሆኑን አምናለች ብለሽ ዝጊው።»

«በሙሉ አይደለም» አልኩ።

«ምን?»

«አርባ ስድስቱ ሐሰት ናቸው። ከእነሱ በታች ያሉት አሥራ አንዱ እውነት ናቸው። ሰዎቹ መጥተዋል፣ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ከልክያቸዋለሁ። እነዚያን የጻፍኩት ማንም ሳያዘኝ ነው።»

«አሁን ይህ ምን ለውጥ ያመጣል፣ እህቴ? ሰዓቱም ሄዷል።»

«ያልሆነው ይሰረዝ። የሆነውን ግን አልሰርዝም። ካልተለየ አልፈርምም።»

ጸሐፊዋ እሱን አየችው። እሱ እኔን አየኝ፤ ግንባሩ ላይ ሁለት መስመር አለው፣ ግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው።

«የትኞቹ ናቸው?»

ከአርባ ስድስተኛው መስመር ሥር ጣቴን አደረግኩና አንድ በአንድ አነበብኩለት። ጸሐፊዋ አዲስ ወረቀት አወጣች።